ልጁን ማን ጠየቀው?

በዚህ ዓመታዊ መጽሔታችን ዘወትር የሚወጣው ስለ ወር መዋጮ፣ ስለ ድንኳንና ስለ ድስት፣ ስለ ቀብር ሥርዓት ነው። ዘንድሮ ግን ስለ ወላጆችና ስለ ልጆች እንጽፍ ተባብለን ተነሣን። «እድርን ከልጅ አስተዳደግ ምን አገናኘው?» የሚል አባል አይጠፋም፤ እኛም በመጀመሪያ እንዲያ ብለን ነበር። ያገናኘው በአንድ ለቅሶ ላይ የደረሰ ነገር ነው፤ እሱን አስቀድመን እንናገርና ወደ ታሪኩ እንገባለን።

ነገሩ ጥቂት ዓመት ሆኖታል። ከአባሎቻችን አንዱ በድንገት ዐረፈ፤ የዘጠኝ ዓመት ወንድ ልጅ ነበረው። ጥሩምባው ሊነፋ ሲል «የሕፃን ልብ ይሰበራል» ብለን ልጁን ራቅ ካለ ጎረቤት ቤት አስቀመጥነው፤ «አባትህ ለሕክምና ባሕር ዳር ሄዷል» አልነው። ይህን ያልነው እኛው ነን፤ ሌላ ሰው አላለውም። ቀብሩ ተፈጸመ። በሠልስቱ ቀን ልጁ አምልጦ መጣና ድንኳኑ ውስጥ ከወንዶቹ ኋላ ቁጭ አለ። አላለቀሰም። ቆይቶ ቆይቶ ወደ ጥሩምባ ነፊያችን ጠጋ አለና «ጋሼ፣ የዚያን ዕለት የነፉት ለአባቴ ኖሯል?» ብሎ ጠየቃቸው። ሰውየው መልስ አጡ። አጠገባቸው የተቀመጡ አንዲት እማሆይ «ሁላችን ለልጁ አሰብንለት፤ ልጁን ግን ማን ጠየቀው?» አሉ። ይኸው ቃል እስከ ዛሬ አልለቀቀንም።

እንግዲህ ጥያቄው ከአንድ ለቅሶ ቤት የሰፋ ነው። በዳሞት፣ በቡሬ፣ በሜጫና በአቸፈር ልጅ ሲያድግ ወላጅ ምን ይወስንለት ነበር? ልጁስ የልቡን ለማን ይናገር ነበር? ከስሙ እንጀምር።

በእኛ አገር ወንድ ልጅ በ40 ቀኑ፣ ሴት ልጅ በ80 ቀኗ ክርስትና ይነሣሉ። ከዚያ ወዲያ ልጁ ሁለት ስም አለው፤ አንዱ ካህኑ የሚሰጡት የክርስትና ስም፣ ሌላው እናትና አባት የሚያወጡት የዓለም ስም ነው። የዓለም ስሙን ልብ ብሎ ለተመለከተው፣ ስሙ ስለ ልጁ ከሚናገረው ይልቅ ስለ ወላጆቹ የሚናገረው ይበዛል። ካሣ የተባለ ሰው ብዙ ጊዜ ከእርሱ በፊት የሞተ ወይም የጠፋ ነገር ነበረ ማለት ነው። ምትኩም እንዲሁ ነው። ማስረሻ ኀዘን ያስረሳል ተብሎ የሚጠበቅ፣ አንዳርጋቸው የተለያየ ቤተሰብ አንድ እንዲያደርግ የታሰበ፣ ጥላሁን ለወላጆቹ ጥላ እንዲሆን አደራ የተጣለበት ነው። ገና ጡት ሳይጥል ሥራ ተሰጥቶታል ማለት ነው።

ይህን የምንለው ወላጆቻችንን ለመውቀስ አይደለም፤ ልጅ በኩፍኝና በፈንጣጣ በሚያልቅበት ዘመን ስም ማለት ጸሎት ነበር። ዳሩ ግን የስሙን ታሪክ ለልጁ የሚነግረው አልነበረም። ከእኛ ከጸሐፊዎቹ አንዱ እንዲህ ያለ የምትክ ስም አለው። እስከ 12 ዓመቱ ድረስ የማን ምትክ እንደሆነ የነገረው ሰው የለም። አንድ ቀን ከእናቱ ጋር ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ እናቲቱ ከአንዲት ትንሽ የድንጋይ ክምር አጠገብ ቆመው ዓይናቸውን ሲጠርጉ አየና «ማነው?» አለ። «ወንድምህ ነው፤ ባንተ ተተካልን» አሉት። እንደሚለው ከሆነ ከዚያ ቀን በኋላ ቤት ውስጥ በተቆጡት ቁጥር «ያኛው ቢሆን ኖሮ እንዲህ አያደርግም ነበር» ብለው የሚያስቡ ይመስለው ነበር። እናቱ ግን እንዲያ አስበው አያውቁም። ብቻ ማንም አልጠየቀውም፤ እሱም አልተናገረም።

(ስም ከላይ የሚወርድ ነገር መሆኑን ከተማችንም ታውቀዋለች። የቀድሞ ስሟ ወጀት ነበር፤ ፍኖተ ሰላም ያሏት ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ናቸው። ስሙ ሸጋ ነው፤ እንኳን ወጣላት። ነገር ግን አንዳንድ ሽማግሌዎቻችን እስከ ዕለተ ሞታቸው ወጀት እያሉ ሲጠሯት ኖሩ።)

ወላጅ በልጁ ላይ አስቀድሞ የመወሰኑን ነገር ከሁሉ አስፋፍቶ የጻፈው መጽሐፍ መነሻው እዚሁ ደጃችን ነው። ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ የሚሄድ ሰው የሚያልፍባት ማንኩሳ፣ የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» የሚጀምርባት ቦታ ናት። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1902 ዓ.ም. ከደብረ ማርቆስ አቅራቢያ የተወለዱ፣ በጎጃም የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤቶች ያደጉና አገሩን በእግራቸው የሚያውቁ ሰው ናቸው። መጽሐፉ በ1958 ዓ.ም. ታተመ፤ ኋላም በሬዲዮ ሲተረክ ማንበብ የማይችለው ገበሬ ሁሉ ሰማው።

ብዙዎቻችን መጽሐፉን የምናስታውሰው ስለ በዛብህና ስለ ሰብለ ወንጌል ፍቅር ነው። እስቲ አሁን ደግሞ እንደ ወላጅ ሆነን እንመልከተው። የማንኩሳዎቹ ቦጋለ መብራቱና ውድነሽ በጣሙ ክፉ ሰዎች አይደሉም። ልጃቸውን በዛብህን ከዓይናቸው ብሌን አብልጠው ይወዱታል፤ ከመውደዳቸውም የተነሣ ልጁ እንዲያድግላቸው ብለው ለእግዚአብሔር ይሳሉታል። ስለቱ የእነሱ ነው፤ የሚከፈለው ግን በልጁ ዕድሜ ነው። ልጁ አደገ፣ ተማረ፣ ቅኔውን አወቀ፣ ዲማ ወርዶ ከፊታውራሪ መሸሻ ቤት አስተማሪ ሆነ፤ እዚያም እንደ ማንኛውም ወጣት ልቡ ወደደ። ያን ጊዜ በአንድ ወገን የራሱ ልብ፣ በሌላ ወገን የእናትና የአባቱ ቃል ይዘው ይጎትቱት ጀመር። በሰብለ ወንጌል ቤት ያለው ከዚህ የተለየ ነው፤ እዚያ ልጅቱን ያሰራት የአባቷ ኩራት ነው፤ ለዘሬ የሚመጥን ባል የለም ማለት ነው። እንደ እኛ እንደ እኛ ግን የማንኩሳው ቤት ይበልጥ ያስፈራል። ኩራተኛ አባትን ልጅ ሊያኮርፈው ይችላል፤ ከፍቅሩ የተነሣ የተሳለን አባት ምን ይለዋል?

በዛብህ የልቦለድ ሰው ነው። በእውነቱ ዓለም የነበረው የጎጃም ልጅ ብዙ ጊዜ ለትምህርት የተሰጠ ሳይሆን ወደ ትምህርት የኮበለለ ነበር። አባት ልጁን ለከብቱና ለሞፈሩ ይፈልገዋል፤ የልጁ ልብ ግን ከየኔታ ዘንድ ነው። አንድ ሌሊት ደበሎውን ደርቦ፣ አኩፋዳውን አንግቶ ይጠፋል። አባት ዱካውን ተከትሎ ያገኘው እንደሆነ ገርፎ ይመልሰዋል፤ ልጁም ጊዜ ጠብቆ ደግሞ ይጠፋል። በየአጥቢያችን በዚህ መንገድ ያለፉ መሪጌቶች ስንቶች ናቸው! ሲያጫውቱን እየሳቁ ነው፤ «እናቴ በኋላ እንደሰማሁት ሦስት ዓመት ሙሉ እራት ስታቀርብ የኔን ድርሻ ታስቀምጥ ነበር» የሚለው ላይ ሲደርሱ ግን ሳቁ ይቆማል።

የተማሪ ቤትን ኑሮ ማሳመር አንፈልግም። ረኃብ ነበረ፣ ቅማል ነበረ፣ ውሻ ነበረ፣ የየኔታም አለንጋ ነበረ። በየደጁ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ቁራሽ የሚለምን የስምንትና የዘጠኝ ዓመት ሕፃን ዛሬ ቢታይ ያስለቅሳል። ነገር ግን ልብ ልንለው የሚገባ አንድ ነገር እዚያ ነበረ፤ እሱም ቅኔው ነው። ጎጃም በዋሸራና በጎንጅ የቅኔ ቤቶቹ የታወቀ ነው። ዜማውንም ንባቡንም ተማሪው እንደተሰጠው መድገም አለበት። ቅኔ ላይ ሲደርስ ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ የሌላውን ሰው ቅኔ የራሴ ነው ብሎ ማቅረብ ነውር ነው። ከሁለት ቤቷ ጉባኤ ቃና ጀምሮ ስምንት ቤት እስካለው መወድስ ድረስ ተማሪው ከራሱ ልብ አውጥቶ፣ ጫካ ገብቶ ብቻውን አውጠንጥኖ፣ የየኔታ ፊት ቀርቦ መናገር አለበት። በቤቱ «ዝም በል፣ ትልቅ ሰው ሲናገር አትግባ» እየተባለ ያደገ ልጅ «አንተ ምን አሰብህ?» ተብሎ የሚጠየቅበት ምናልባት የመጀመሪያው ቦታ ይህ ነበር። ልጆቹ በረኃብ እየተቆሉ ያልተመለሱት ለዕውቀቱ ብቻ ነው አንልም፤ ተሰሚነቱም ይዟቸው ይመስለናል።

ከ1933 ዓ.ም. ነፃነት በኋላ ዘመናዊው ትምህርት ቤት ቀስ በቀስ ወደ አውራጃችን ሲገባ ኩብለላው መልኩን ለወጠ። አባት «ልጄ ሃይማኖቱን ይለቃል፣ እርሻዬን ይንቃል» ብሎ ፈራ። ፍርሃቱ ጨርሶ ከንቱ አልነበረም። ከገጠር መጥቶ በፍኖተ ሰላም ወይም በቡሬ ጎጆ ተከራይቶ የተማረ ሁሉ ይህን ያውቀዋል፤ እኛም ከእነዚያው ነን። በየሳምንቱ ከቤት በሶ፣ ድርቆሽ፣ ሽሮ ይመጣል። አባት በገበያ ቀን በአህያ ስንቁን አድርሶ «አላነሰህም?» ብሎ ይጠይቃል፤ «አላነሰኝም» ይባላል፤ ይመለሳል። ሆዳችንን አንድም ቀን ሳይጠይቁ የቀሩበት ጊዜ የለም። ከተሜው ልጅ በአነጋገራችን ሲስቅብን፣ ቅዳሜ አገር ቤት ስንመለስ ደግሞ እኩዮቻችን «ከተሜው መጣ» ሲሉን፣ ከሁለቱ የትኛው ነኝ ብለን ስንብሰለሰል ግን ለማን እንንገረው? ይህን በአባቶቻችን ማሳበብ አይቻልም፤ አባት እንዴት ብሎ ይጠይቅ? እሱ ራሱ ያልተጠየቀ ሰው ነው።

የዚህ ዝምታ ዋጋ በ1960ዎቹ መጨረሻ ታየ። በ1967 ዓ.ም. የእድገት በኅብረት ዘመቻ የሁለተኛ ደረጃና የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን በያገሩ በተነ። ቀጥሎም በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በአዲስ አበባና በየከተማው ወጣት በወጣት ላይ ሆነ። ልጃቸው ከየትኛው ወገን እንደነበረ ሬሳውን ሲያዩ ያወቁ ወላጆች ብዙ ናቸው። ከዚያም አልፎ እንዳያለቅሱ፣ ድንኳን እንዳይተክሉ የተከለከሉ ነበሩ። ለእድር ሰው ይህን መጻፍ ይከብዳል። ልጁ አገሬ፣ ሕዝቤ፣ ድሃው እያለ የሚያስበውን ማታ በእሳት ዳር ለአባቱ ቢያወራው ኖሮ ያ ሁሉ መዓት ይቀር ነበር አንልም፤ መዓቱ የመጣው ከወላጅ ቤት አልነበረም። ቢያንስ ግን እናቲቱ ማንን እንደቀበረች ታውቅ ነበር።

እስካሁን ስለ ወንድ ልጅ ነው ያወራነው፤ ወንዱ መጥፋት ይችላል። ሴቷስ? በምዕራብ ጎጃም ገጠር ሴት ልጅ በሰባትና በስምንት ዓመቷ ትታጭ፣ በአሥርና በአሥራ ሁለት ትዳር እንደነበር የማናውቅ የለንም፤ እናቶቻችን ናቸው። እዚህም ቢሆን ክፋት አልነበረም። ልጅቱ ሳትደፈርና ስሟ ሳይጠፋ ክብር ያግኝ፣ ሁለት ቤተሰብ ይዛመድ፣ እኔ ሳልሞት ሠርጓን ልይ የሚል ነበር። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ለሴት 15 ዓመት፣ ለወንድ 18 ዓመት ብሎ ነበር፤ በ1992 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራሉ የቤተሰብ ሕግ፣ በ1995 ዓ.ም. ደግሞ የክልላችን የቤተሰብ ሕግ ለሁለቱም 18 አደረጉት። የ1997ቱ የወንጀል ሕግ ለአካለ መጠን ያልደረሰች ልጅ በሚያገባ ላይ እስራት ደነገገ። ሕጉ ግን ለብዙ ጊዜ ከወረዳ ጽሕፈት ቤት ወደ ታች አልወረደም ነበር፤ ድግሱ «ማኅበር ነው»፣ «ተዝካር ነው» እየተባለ ይደገስ ነበር። በልጅነቷ ወልዳ የተጎዳች ስንቷ ናት ከአዲስ አበባው የሐምሊን የፌስቱላ ሆስፒታል፣ ኋላም ከባሕር ዳሩ ቅርንጫፍ ደጅ የደረሰች!

በዚህ ነገር ከባሕር ዳር ብዙ በማይርቀው በሞሰቦ ገጠር የተደረገው አንድ ሙከራ ልናልፈው የማይገባ ነው። ከ1996 እስከ 1998 ዓ.ም. «ብርሃን ሔዋን» በሚባል ሥራ ሴት ልጁን ሳይድር ለሁለት ዓመት ያቆየ ቤተሰብ በመጨረሻ ፍየል ወይም በግ እንዲሰጠው ተደረገ። ወሬው ሁሉ ስለ እንስሳዋ ሆነ፤ ገበሬው እንስሳ ይወዳላ! ግን ከእንስሳዋ ሌላ ሁለት ነገር ነበር። አንደኛ፣ ልጃገረዶቹ ለብቻቸው በቡድን እየተሰበሰቡ ከአንዲት የአካባቢው ሴት ጋር ስለ ራሳቸው ይነጋገሩ ነበር። ሁለተኛ፣ ወላጆችና ሽማግሌዎች ስለ ጋብቻው በየጊዜው ተቀምጠው ይመክሩ ነበር። በኋላ ሲጠና ከ10 እስከ 14 ዓመት ያሉት ልጃገረዶች በትምህርት ቤት የመቆየታቸው፣ ሳያገቡ የመቆየታቸውም ነገር ሥራው ከሌለበት ቀበሌ በጣም በልጦ ተገኘ። ዕድሜያቸው ከፍ ባሉት ላይ ያን ያህል አልሠራም። እኛ ከዚህ የተረዳነው ልጅቱ ለምትለው ነገር መቀመጫ ካልተዘጋጀላት በአባቷ ምድጃ ዳር ብቻዋን አትናገረውም ማለትን ነው።

ዓለምም ቢሆን ይህን የተማረው ዘግይቶ ነው። በእንግሊዝ አገር ሆስፒታሎች ሕፃን ሲታመም እናቱ እንዳትጎበኘው ይከለክሉ ነበር፤ «ስታያት ያለቅሳል፤ ካላያት ይረሳል፤ ጸጥ ይላል» ይሉ ነበር። እንግሊዛዊው ሐኪም ጆን ቦውልቢ በ1943 ዓ.ም. ገደማ ለዓለም ጤና ድርጅት በጻፈው ጥናትና ከባልደረባው ጋር በቀጠለው ሥራ፣ ከእናቱ የተለየ ሕፃን መጀመሪያ እንደሚያለቅስ፣ ቀጥሎ ተስፋ ቆርጦ እንደሚተክዝ፣ በመጨረሻም ዝም እንደሚል አሳየ። ያ ዝምታ መርሳት አይደለም አለ። እኛስ በለቅሶ ቤት «ልጅ ቶሎ ይረሳል» ስንል የምንለው ይህንኑ አይደል? የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መብቶች ስምምነት በ1982 ዓ.ም. ሲወጣ፣ ኢትዮጵያም በ1983 ዓ.ም. ስትቀበለው፣ አሥራ ሁለተኛው አንቀጽ ልጅ በሚነካው ጉዳይ ሁሉ ሐሳቡ ይሰማ የሚል ነው። ይሰማ ነው እንጂ ያለው ሁሉ ይደረግ አይደለም፤ ብዙ ወላጅ ሳያነበው የሚቆጣው ይህን ባለመለየቱ ነው።

ይህ ሁሉ ታሪክ ነው እንዳይባል ያለፉት ዓመታት አሉ። ነሐሴ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በከተማችን በፍኖተ ሰላም ብዙ ሰው ያለቀበትን ፍንዳታ የሰሙና ያዩ ልጆች በየቤታችን አሉ። በክልላችን በተነሣው ግጭት ትምህርት ቤቶች ለረጅም ጊዜ ተዘግተው ልጆች ከእኩዮቻቸው ተለይተው ቤት ተቀመጡ። በዚያ ጊዜ አንድ ከበድ ያለ መኪና ባለፈ ቁጥር ጠረጴዛ ሥር የሚገባ ልጅ የነበራት እናት «ወንድ ልጅ አይፈራም ስለው ጠረጴዛ ሥር መግባቱን ተወና አልጋው ላይ መሽናት ጀመረ» ብላናለች። ያስተማራት አልነበረም፤ ከዚያ በኋላ ግን እሷም አብራው ጠረጴዛ ሥር መግባት ጀመረች። እዚያ ሥር ሆኖ የልቡን ይነግራት ጀመር አለችን።

ወደ እድራችን እንመለስ። ባለፈው ጠቅላላ ጉባኤ አንድ ሐሳብ አቅርበን ነበር፤ ወላጅ ለሞተበት ልጅ ጥሩምባ ከመነፋቱ በፊት በሚወደው ሰው አንደበት በግልጽ ይነገረው፤ ወደ ቀብሩም መሄድ ይፈልግ እንደሆነ ይጠየቅ የሚል ነው። ክርክሩ በረታ። አንድ አባት ተነሥተው «እኔ የእናቴን ሬሳ ያየሁት በሰባት ዓመቴ ነው፤ እስከ ዛሬ ከዓይኔ አልጠፋም፤ እባካችሁ ለልጅ አታሳዩት» አሉ። አንዲት እናት ደግሞ «እኔን አላሳዩኝም፤ አድጌ ወልጄ እንኳ አንዳንድ ቀን መንገድ መንገድ አያለሁ፤ ትመጣ ይመስለኛል» አሉ። ጉባኤው ጸጥ አለ። ሁለቱም እውነታቸውን ነው። ይነገረው የሚለውን ሁላችንም ተስማምተንበት በቃለ ጉባኤ ሰፍሯል፤ የሚነግረውም የክርስትና አባቱ ወይም እናቱ ቢሆኑ፣ እነሱ ከሌሉ ልጁ የሚቀርበው ዘመድ ቢሆን ይሻላል ተብሏል። ወደ ቀብሩ ይሂድ አይሂድ የሚለው ግን «ሕፃን ምኑን አውቆ ይመርጣል» የሚሉ አባላት ስለበዙ ለሚመጣው ጉባኤ ተላልፏል። ሐሳብ ያላችሁ አባላት ለጸሐፊው በቃልም በጽሑፍም ማቅረብ ትችላላችሁ።

ያ ልጅ አሁን አድጓል። ከአባቱ ሞት በኋላ ለብዙ ጊዜ ጥሩምባ በተነፋ ቁጥር የያዘውን ጥሎ እስከ ደጅ እየሮጠ ይወጣ ነበር። ጥሩምባ ነፊያችን ይህን አስተዋሉ። ማንም ሳያዛቸው፣ ማልደው ሲነሡ መጀመሪያ በልጁ ደጅ በኩል ይዞሩና «እገሌ ናቸው ያረፉት፤ ከናንተ ቤት ማንም አይደለም» ብለው ከነገሩት በኋላ ወደ መንገዱ ወጥተው ይነፋሉ።